ልብ የማያውቀው ልብ



ቀትር ላይ ከራበው ሰው ልጀምር። ሐዋርያው ጴጥሮስ በኢዮጴ፣ በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት እንግዳ ሆኖ ሳለ፣ በስድስት ሰዓት፣ እኛ ዛሬም በምንቆጥረው በዚያው ስድስት ሰዓት፣ ሊጸልይ ወደ ሰገነት ወጣ። የሐዋርያት ሥራ ጸሐፊ ራእዩን ከመተረኩ በፊት አንዲት ነገር ሳይነግረን አያልፍም፦ ጴጥሮስ ተርቦ ነበር፤ ምግብም እየተሰናዳለት ነበር። ሰማይ የተከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። ትልቅ ሸማ የመሰለ ነገር በአራት ማዕዘኑ ተይዞ ወረደ፤ በውስጡ ኦሪት የከለከለችው እንስሳ ሳይቀር ነበረበት። እንዲያርድና እንዲበላ ታዘዘ፤ እምቢ አለ። ነገሩ እስከ ሦስት ጊዜ ተደገመ።

ይህን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ስንሰማ ረሃቡን አልፈን ወደ ራእዩ እንቸኩላለን። የሥነ ልቦና ሐኪም ግን ረሃቡ ላይ ቆም ይላል። የራበው ሰው፣ ምግብ እየተጠበቀ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የተጸየፈውን ሥጋ በተመስጦ አየ። «ይህ ከሆዱና ከአስተዳደጉ የመጣ ነው» ቢለን ልንቆጣው አይገባም፤ እውነቱን ነው። ራእዩ የተሠራበት ጭቃ የጴጥሮስ ረሃብ፣ የጴጥሮስ ኦሪት፣ የጴጥሮስ መጸየፍ ነው። ነገር ግን በዚህ ጭቃ የተሠራው ራእይ በማግስቱ ጴጥሮስን አስነሥቶ ወደ ቂሣርያ መንገድ አስገባው፤ ቆርኔሌዎስ ከሚባል የሮማ መቶ አለቃ ቤት አደረሰው፤ ላልተገረዙት ሕዝቦች የጥምቀትን በር ከፈተ። ረሃብ ብቻውን ሰውን ወደ ማዕድ ይወስደዋል እንጂ እስከዚያ አያደርሰውም።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር ከዚያ ሰገነት አይርቅም። አንድ መንፈሳዊ ልምድ ከማናውቀው የአእምሯችን ክፍል ተነሣ ማለት እግዚአብሔር የለበትም ለማለት አያበቃም። ከጥልቅ ውስጤ ፈለቀ ማለትም እግዚአብሔር ተናገረኝ ለማለት አያበቃም። መንገዱን ያወቀ ሁሉ ላኪውን አላወቀም። ይህን ሁለቱም ወገኖች፣ ልምዱን የሚያጣጥለውም በጭፍን የሚቀበለውም፣ ይዘነጉታል፤ በመዘንጋታቸውም ሰው ሲጎዳ አያለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። በእኛ ቋንቋ ይህ የማናውቀው ክፍል «ንዑስ ኅሊና» ተብሎ ተለምዷል። «ንዑስ» ትንሽ ማለት ስለሆነ ስሙ ነገሩን ያሳንሰዋል። የሚያጠኑት ሰዎች የሚነግሩን ሌላ ነው፤ የምናውቀው የአእምሯችን ክፍል ጥቂቱ ነው፣ ሳናውቀው የሚሠራው ግን ሰፊ ነው። ስለዚህ እኔ «ስውር አእምሮ» እላለሁ። ቃሉ ለጆሯችን ባዕድ አይደለም፤ ዳዊት በመዝሙሩ ራሱ ከማያውቀው ከተሰወረ በደሉ እንዲነጻ ይለምናል። ሰው ለራሱ እንኳ የተሰወረ ኃጢአት ሊኖረው ይችላል ማለት ነው። ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ የሚወደውን ትቶ የሚጠላውን የሚያደርግ ሰው ያሳየናል፤ በሌላ ምዕራፍ ደግሞ እንዴት መጸለይ እንደሚገባን በማናውቅበት ጊዜ መንፈስ በቃል በማይነገር መቃተት ስለ እኛ እንደሚማልድ ይናገራል። ይህ ሁሉ ቃል ሳይደርስበት ውስጣችን ስለሚሆነው ነገር የተነገረ ነው።

የእኛም ሕዝብ ነገሩን ያውቀዋል፤ ቦታውን ግን ከጭንቅላት ይልቅ ሆድ ያደርገዋል። «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ይህን ቃል ስንቶቻችን በእናቶቻችን አፍ ሰምተነዋል! የተበደለች ሴት፣ ልጇን የቀበረች እናት፣ በገዛ ቤቱ የተዋረደ ሰው ነገሩን ከመናገር ይልቅ ለሆዱ ይሰጠዋል። ሆድ ግን የተሰጠውን ሁሉ አይፈጭም። ያልተፈጨው በሌሊት ሕልም ሆኖ፣ በቀን ራስ ምታት ሆኖ፣ በጸሎት ሰዓት ምክንያቱ የማይታወቅ እንባ ሆኖ ይመለሳል። ሲግመንድ ፍሮይድ ስለ ሕልም የጻፈው፣ 1900 የሚል ዓመት ታትሞበት የወጣው ትልቅ መጽሐፍ ከያዛቸው አሳቦች አንዱ ይኸው ነው፤ የታፈነ ነገር አይሞትም፣ መልኩን ለውጦ ይመጣል።

ይሁንና ከፍሮይድ 1,500 ዓመት በፊት በግብፅ በረሃ ይህንኑ ሲመረምሩ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ትንሽ እንድንቆይ እለምናችኋለሁ።

ኤቫግሪዮስ የጰንጦስ ሰው ነው። ዲቁናን የሾመው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ነው። በቁስጥንጥንያ በስብከቱና በክርክሩ የተመሰገነ ወጣት ዲያቆን ሳለ በአንድ ባለሥልጣን ሚስት ፍቅር ተያዘ። ሴቲቱም ወደደችው። ለመሸሽ ይጸልያል፤ እግሩ ግን እምቢ ይለዋል። ከዚያ የሆነውን የጻፈልን ደቀ መዝሙሩ ጳላድዮስ ነው። ኤቫግሪዮስ በራእይ ወታደሮች ይዘውት፣ በሰንሰለት ታስሮ፣ ክሱ ምን እንደሆነ ሳይነገረው ወኅኒ ሲገባ አየ። በልቡ ግን ያውቀው ነበር፤ የሴቲቱ ባል ከስሶኛል ብሎ አሰበ። በዚያ ጭንቅ አንድ መልአክ በወዳጅ አምሳል ቀርቦ ከተማዋን ትቶ እንዲሄድ መከረው፤ ወንጌል አምጥቶም አስማለው። ሲነቃ ሰንሰለት የለም፣ ዳኛ የለም። ሰውየው ግን «መሐላው በተመስጦ ቢሆንም መማሌ ግን እርግጥ ነው» በሚል አሳብ ጓዙን ሰብስቦ መርከብ ተሳፈረ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ።

እስቲ ይህን በሁለት ዓይን እንየው። ሐኪሙ እንዲህ ይላል፦ ያልተነገረ የበደል ስሜት የራሱን ወኅኒ ሠራ፤ ክሱን ማንም ሳይነግረው ከሳሹን ማወቁ ለዚህ ምስክር ነው። መነኩሴው ደግሞ እግዚአብሔር ከመውደቁ በፊት አወጣው ይላል። ሁለቱን የግድ ማጋጨት ለምን እንደሚያስፈልግ ለእኔ አይታየኝም። እግዚአብሔር ለአንድ ሰው ሊናገር ሲወድ በዚያ ሰው ፍርሃት፣ በዚያ ሰው ወዳጆች መልክ፣ በዚያ ሰው ቋንቋ ይናገራል። በሌላ በምን ይናገረው?

ኤቫግሪዮስ በኢየሩሳሌም እንደገና አመነታ፤ ታመመ፤ ሐኪሞች ሊፈውሱት አልቻሉም። ሜላንያ የምትባል ታላቅ እናት የተደበቀውን አስነገረችው፤ ለመመንኮስ ቃል ከገባ በኋላ ተሻለው። ከዚያ ወደ ኒጥርያ፣ ቀጥሎም ኬልያ ወደሚባለው በረሃ ገብቶ በ399 እስኪያርፍ ድረስ ኖረ። በዚያም የልብን አሳቦች ስምንት አድርጎ መረመራቸው፤ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ሀኬት፣ ከንቱ ውዳሴ፣ ትዕቢት። እኔን የሚደንቀኝ ግን ዝርዝሩ ሳይሆን ለመነኩሴ የሰጠው ምክር ነው። አሳብ ሲመጣብህ ከመሸሽህ በፊት ተመልከተው ይላል፤ መቼ ይበረታል፣ መቼ ይለዝባል፣ የትኛው አሳብ የትኛውን ተከትሎ ይመጣል? ሕልምንም እንዲሁ መርምሯል። በእንቅልፍ የምታየው ፊት ደብዛዛ ከሆነ የቆየ ቁስል ምልክት ነው፣ ጥርት ብሎ የሚታይ ፊት ከሆነ ቁስሉ ዛሬም ትኩስ ነው ብሎ ያስተምራል። ይህን የሚጽፈው በብቸኝነት ጎጆ የተቀመጠ፣ አንድ ፊት ከቁስጥንጥንያ ይዞ የመጣ ሰው መሆኑን አንርሳ።

ከትምህርቱ አንዳንዱ በኋላ ተወግዟል። ስለ አሳብ ውጊያ ያስተማረው ግን በሌሎች ስም ሳይቀር ተጠብቆ ቆየ፤ የነነዌው ይስሐቅም በሰባተኛው መቶ ዘመን ከእርሱ ብዙ ቀስሟል። ያ ይስሐቅ ደግሞ የእኛ ማር ይስሐቅ ነው። ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር ሆኖ በመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ የሚነበበው፣ ሊቃውንቱ በአንድምታ የሚያትቱት እርሱ ነው። ስለዚህ ስለ ስውር አእምሮ መነጋገር ከባሕር ማዶ የመጣ ፈሊጥ ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር፣ ወደ ገዳሞቻችን የመጻሕፍት ቤት እመራዋለሁ።

አውግስጢኖስን በአጭሩ ላንሣ። በሰሜን አፍሪካ፣ ዛሬ አልጄርያ በምትባለው አገር በ354 ተወለደ። በ386 በሚላኖ አንድ የአትክልት ስፍራ እያለቀሰ ሳለ ከጎረቤት የሕፃን ድምፅ ሰምቶ፣ የጳውሎስን መልእክት ገልጦ፣ ሕይወቱ እንደተለወጠ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ብዙ የማይነገርለት ግን ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ጳጳስ ሆኖ በጻፈው ኑዛዜ አሥረኛው ክፍል ላይ ያለው ነው። የቀድሞ ልማዱ በሕልሙ እንደሚመጣበት፣ ነቅቶ የሚጠላውን ተኝቶ እንደሚቀበለው ለሕዝብ በሚነበብ መጽሐፍ ተናዘዘ፤ ያን ጊዜ እኔ እኔ አይደለሁምን ብሎም አምላኩን ጠየቀ። የሰው አእምሮ ራሱን በሙሉ ለመያዝ ጠባብ መሆኑም አስደነቀው። አንድ ጳጳስ የሕልሙን ነውር ሳይደብቅ መናገሩ ዛሬ ለምንፈራው ለእኛ ትልቅ ድፍረት ይሰጣል።

አሁን 1,500 ዓመት ዘልለን ኤድንብራ እንግባ። በ1901 እና በ1902 አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሃይማኖታዊ ልምድ ሃያ ዲስኩሮች አደረገ። በሕክምና የተመረቀ ሰው ነው። በመጀመሪያው ዲስኩሩ የራሱን የሙያ ባልደረቦች ነው የገሠጸው። ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ ያየውን ብርሃን የሚጥል በሽታ ነው ብለው የሚያጣጥሉትን ተቃወመ። ክርክሩ ቀላልና ጠንካራ ነው፦ የእናንተም ክህደት እኮ ከአንጎል ነው የሚመነጨው፤ ምንጩ አካል መሆኑ ካበላሸው የሁላችንንም አሳብ ያበላሻል። ስለዚህ አንድን ልምድ የምንመዝነው በሥሩ ሳይሆን በፍሬው ነው። ጌታ ስለ ሐሰተኞች ነቢያት ያስተማረውን መመዘኛ አንድ ሐኪም በዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ አቆመው። በማጠቃለያውም፣ ሰው ከእርሱ ከሚበልጠው ጋር ሲገናኝ ያ የሚበልጠው በወዲህ በኩል የራሳችን ስውር አእምሮ ነው፣ በወዲያ በኩል የሚደርስበትን ግን ሳይንስ አይዘጋውም የሚል አሳብ አቀረበ። ጄምስ የቤተ ክርስቲያን ሰው አልነበረም፤ ከዚህ በላይ እንዲሄድም አልጠብቅበትም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ዲስኩሮቹ በታተሙበት መጽሐፍ ውስጥ ስሙን ያልጠቀሰው አንድ የታመመ ሰው ታሪክ አለ። ሰውየው በአንድ ምሽት፣ ቀድሞ በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ያየው ወጣት ምስል ድንገት መጥቶበት፣ «ያ ሰው እኔ ልሆን እችላለሁ» በሚል ድንጋጤ ለወራት ተሰቃየ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃሎችን እየደጋገመ ባይይዝ ኖሮ የሚያብድ ይመስለው ነበር። ጄምስ ታሪኩን ከፈረንሳዊ ያገኘው አድርጎ አቀረበው። በኋላ ለመጽሐፉ ተርጓሚ እንደገለጸው ያ ሰው ራሱ ነበር። እንግዲህ ስለ ሃይማኖት ያስተማረን ይህ ሰው ነገሩን ከሩቅ ሆኖ ያየ አልነበረም።

ፍሮይድ ሃይማኖትን አባት የሚሻ ሕፃን ምኞት አድርጎ ማየቱ ይታወቃል፤ በ1927 በዚህ ላይ መጽሐፍ አወጣ። በሚቀጥለው ዓመት የመለሰለት ግን የገዛ ወዳጁ፣ የዙሪኩ ፓስተር ኦስካር ፕፊስተር ነበር። ሁለቱ ከ1909 ጀምሮ ፍሮይድ እስኪሞት ድረስ ተጻጽፈዋል፤ አንዱ አምላክ የለም እያለ፣ ሌላው የንስሐ ልጆቹን በፍሮይድ ዘዴ እየረዳ። ክርክሩ ወዳጅነታቸውን አላፈረሰውም። ይህ ትዕግሥት ለእኛ አገር ክርክር ቢተርፍ እወዳለሁ።

የካርል ዩንግ ነገር ለየት ይላል። አባቱ የስዊዘርላንድ ፓስተር ነበር። ልጁ ለመጀመሪያ ቁርባን ሲማር ስለ ምስጢረ ሥላሴ የሚናገረውን ክፍል በጉጉት ይጠብቅ ነበር። ቀኑ ሲደርስ አባቱ «ይህን እንለፈው፣ እኔም አልገባኝም» የሚል መልስ ሰጠው። ዩንግ በእርጅናው ትዝታውን ሲያስጽፍ ይህን አልረሳም። የአባቱን ሐቀኝነት አደነቀ፤ ጥሙን የሚያረካለት ግን አላገኘም። ዕድሜውን ሙሉ በሰዎች ሕልም ውስጥ የእግዚአብሔርን ምስል የፈለገው ልጅ ያ ነው። በኋላ የደረሰበትን ሁሉ አልቀበልም፤ ክፋትን ወደ አምላክ ባሕርይ ማስጠጋቱ ከቅርብ ወዳጁ ከዶሚኒካኑ ቄስ ከቪክቶር ዋይትም አራርቆታል። ነገር ግን ጥያቄውን ይዞ የመጣ ልጅን «እንለፈው» ማለት ምን እንደሚያስከትል ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ሁሉ ማሳሰብ እፈልጋለሁ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። አያቴ አንድ ጠዋት ከእንቅልፏ ተነሥታ ለማንም ሳትናገር ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከዓመታት በፊት የሞተች እኅቷ በሕልሟ መጥታ ውኃ ስጪኝ ብላታለች። ጎረቤት ብትሰማ «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ብላ ሺህ ነገር ትፈታላት ነበር። የነፍስ አባቷ ግን ሕልሙን አልፈቱም። «ከእኅትሽ ጋር ታርቃችሁ ነበር ወይ?» ብለው ጠየቋት። አልታረቁም ነበር፤ በውርስ መሬት ተጣልተው ሳይነጋገሩ ነው ሞት የለያቸው። አያቴ ያን ቀን ያለቀሰችው በቀብሩ ዕለት ያላለቀሰችውን ነው። ቀኖናዋም የእኅቷን ልጆች ጠርታ ማብላትና ይቅርታ መጠየቅ ሆነ። ዳቦ ደፍታ፣ ጠላ ጠምቃ ጠራቻቸው። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ሁሉም ሲያለቅሱ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ከዚያ በኋላ ግን ዐውደ ዓመት በመጣ ቁጥር ቤታችን በእነርሱ ይሞላ ነበር።

ያ ቄስ ፍሮይድን አላነበቡም። ሕልሙ ከየት መጣ ብለውም አልተጨነቁም፤ የጠየቁት ወዴት ሊወስዳት እንደሚገባ ነው።

በአንጻሩ ሌላ ዓይነት ሕልምም አለ፤ ታውቁታላችሁ። አንዱ በሌሊት የጎረቤቱን ፊት በአውሬ አምሳል ያይና በማግስቱ «ቡዳ ነው፣ ታየኝ» ብሎ ሰፈር ያስነሣበታል። ይህን ሕልም የላከው ማን እንደሆነ ለማወቅ ራእይ አያስፈልግም። በገዛ ሆዱ ያለውን ጥላቻ በሌላ ሰው ፊት ላይ ለጥፎ ያየ ሰው ነው። ኤቫግሪዮስ የተከሰሰው ራሱ ነበር፣ የሸሸውም ከራሱ በደል። ጴጥሮስን ራእዩ ከሚንቀው ሰው ቤት አስገባው። አያቴን ሕልሟ ከተጣላቻት እኅቷ ልጆች ጋር በአንድ ማዕድ አስቀመጣት። በሌላው ላይ ጣት ብቻ እንድቀስር የሚያደርገኝ፣ እኔን ግን ምንም የማያስከፍለኝ ራእይ ሲመጣ እኔ በብርቱ እጠረጥረዋለሁ። ደግሞም ጴጥሮስ ብቻውን አልሄደም፤ ስድስት ወንድሞችን ይዞ ነበር፤ ሲመለስም በኢየሩሳሌም ጉባኤ ፊት ቆሞ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳ። ለማንም እንዳትናገር የሚል ራእይ፣ ከነፍስ አባት የሚያሸሽ ድምፅ፣ ብርሃንን የሚፈራው ለምን እንደሆነ ልንጠይቀው ይገባል።

አንድ ጉዳይ ቀርቶኛል፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። በመካከላችን ድምፅ የሚሰሙ፣ እንቅልፍ ያጡ፣ ያለ ምክንያት የሚፈሩ ወጣቶች አሉ። አንዳንዱ ቤተሰብ ወዲያው መንፈስ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ጸበልና ጸሎት የሚለውን ሁሉ ድንቁርና አድርጎ ልጁን ብቻውን ያስቀረዋል። ስውሩ አእምሮ የሥጋችን ጎረቤት ነውና ሊታመም ይችላል። ሲታመም የሚያወራው በሃይማኖት ቋንቋ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ያደግንበት ቋንቋ እርሱ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል ይጣላሉ ወይ የሚል ጥያቄ በተነሣ ጊዜ በጊዜው ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ሁለቱንም የእግዚአብሔር ስጦታ አድርገው እንድንቀበል መክረው ነበር። ለአእምሮ ሕመምም ከዚህ የተለየ ምክር የለኝም።

ስለዚህ ካህናት አባቶቼን እለምናለሁ፦ ወደ እናንተ የመጣው ሰው እንቅልፉ ስንት ሌሊት እንደራቀው፣ ራሱን የማጥፋት አሳብ እንዳለው፣ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ጠይቁት፤ ወደ ሐኪም ለመላክም አትዘግዩ። ሐኪሞችንም እለምናለሁ፦ ታማሚው ስለ ጸሎቱ ሲነግራችሁ አታቋርጡት፤ ለመዳን የሚይዘው ገመድ ያ ሊሆን ይችላል። እናንተም ወገኖቼ፣ የታዘዘ መድኃኒት ያለው ሰው በቤታችሁ ካለ፣ ጸበል ይዛችሁት ስትሄዱ ኪኒኑን ከጓዙ ውስጥ አስገቡለት።